የወንዝ ውሃ ውስጥ ያለው መዳብ ስንቱ ነፃ፣ ስንቱ የታሰረ ነው? ከናሙና እስከ ስሌት

ከቤተ ሙከራ የሚመጣ የውሃ ውጤት ብዙውን ጊዜ «መዳብ፦ በሊትር 39 ማይክሮግራም» ይልና ያበቃል። ይህ ቁጥር ድምር ነው። ከዚህ ውስጥ የዓሣውን ስንጥብ የሚጎዳውና አልጌውን የሚያቀጭጨው በዋናነት ነፃ ሆኖ የሚንቀሳቀሰው መዳብ ነው። ቀሪው ከቅጠል፣ ከሥርና ከአፈር ብስባሽ በመጣ ቡናማ ቁስ ተይዟል። ስለዚህ ሁለት ወንዞች እኩል መዳብ ኖሯቸው በአንዱ ዓሣ ሲያልቅ በሌላው ምንም ላይሆን ይችላል። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ይህን ልዩነት ፈጽሞ አያየውም።

ይህ መመሪያ ነፃውንና የታሰረውን ለይቶ መለካት ለሚፈልግ ነው፤ ለማስተርስ ተማሪ፣ ለውሃ ቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ ወይም ኬሚስትሪ ለሚያስተምርና ለተማሪዎቹ ሥራ ለሚፈልግ መምህር። መዳብን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። ከኦርጋኒክ ቁስ ጋር አጥብቀው ከሚቆራኙት ብረታ ብረቶች አንዱ ነው፤ ደግሞም ነፃውን ብቻ ለይቶ የሚያነብ ኤሌክትሮድ አለው። ስለ ቃል አንድ ነገር ልበል፦ በአማርኛ «ብረት» ስንል ሚስማሩንም መላውን ዘርም ስለምንጠራበት፣ እዚህ «ብረት» የሚስማሩ ብረት ነው፤ መላውን ዘር «ብረታ ብረት» እለዋለሁ።

በወጥ ቤት እንጀምር

ኤሌክትሮድ ከመንካትዎ በፊት ነገሩን በዓይንዎ ይዩት። ወፍራም ጥቁር ሻይ ያለ ስኳር ያፍሉና ያቀዝቅዙ። ከፋርማሲ የሚገኝ የብረት ኪኒን (ፌረስ ሰልፌት) ሽፋኑን ፍቀው ያድቅቁ፣ በጥቂት ውሃ ይበጥብጡና ከሻዩ ላይ ጠብ ያድርጉ። ሻዩ በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ቀለም ይጠቁራል። ኪኒን ከሌለ የዛገ ሚስማር ሻይ ውስጥ ማሳደርም ይበቃል። አሁን የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይጨምሩበት፤ ጥቁረቱ ይሳሳል።

የሆነው ይህ ነው። የሻዩ ታኒን ብረቱን ያዘው፤ ሎሚው ደግሞ በሁለት መንገድ አስለቀቀው። አሲዱ የታኒኑን መያዣዎች በሃይድሮጂን አዮን ሞላቸው፣ ሲትሪክ አሲዱ ደግሞ ብረቱን ለራሱ ወሰደ። የጤና ባለሙያዎች የብረት ኪኒን ከሻይና ከቡና ጋር አትዋጡ የሚሉትም ለዚሁ ነው፤ የታሰረ ብረት አንጀት ውስጥ በቀላሉ አይገባም። (ድብልቁን አይጠጡት፤ ኪኒኑንም ከልጆች ያርቁ፣ የብረት ኪኒን ለሕፃን መርዝ ነው።)

የወንዙ ቡናማ ቀለም የዚህ ሻይ የሩቅ ዘመድ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ያንን ጥቁረት ወደ ቁጥር መለወጥ ነው።

የሚይዘው ማን ነው?

ዕፅዋት ሲበሰብሱ በቀላሉ የማይበላው ቅሪት ውሃ ውስጥ ይሟሟል። በማንኛውም ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ሲወርድ ውሃው ይኮመጥጣል) ሟሙቶ የሚቆየውን ፉልቪክ አሲድ፣ ውሃው በጣም ሲኮመጥጥ የሚዘቅጠውን ሂውሚክ አሲድ እንላቸዋለን። ስማቸው ነጠላ ይምሰል እንጂ እያንዳንዳቸው የብዙ ሺህ ሞለኪውሎች ድብልቅ ናቸው። ይህን አይርሱት፤ በመጨረሻው ስሌት ላይ የሚያስቸግረን ይኸው ነው።

መያዣዎቹ በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። ካርቦክሲል የሚባሉት በፒኤች 4 አካባቢ ሃይድሮጂናቸውን ይለቃሉ፤ ስለዚህ በተራ የወንዝ ውሃ ውስጥ አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን ናቸው። ፌኖል የሚባሉት፣ የሻዩ ዓይነት፣ ሃይድሮጂናቸውን የሚለቁት ከፒኤች 9 ወዲያ ነው፤ ሆኖም እንደ መዳብ ያለ ኃይለኛ ተፎካካሪ ሲመጣ ቀደም ብለውም ይለቃሉ። ከእነዚህ ሌላ በቁጥር ጥቂት የሆኑ ናይትሮጂንና ድኝ ያለባቸው መያዣዎች አሉ። ጥቂት ናቸው ብሎ መናቅ አያዋጣም፤ ባዜቃን አጥብቀው የሚይዙት እነዚያው የድኝ መያዣዎች ናቸው።

በአሜሪካ ጆርጂያ ከኦኬፈኖኪ ረግረግ የሚወጣው የሱዋኒ ወንዝ ውሃው እንደ ሻይ የጠቆረ ነው። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከዚያ ተነጥሎ የወጣው ፉልቪክ አሲድ ዓለም ሁሉ የሚያነጻጽርበት ናሙና ሆኗል። በአንድ ግራም ካርቦኑ ውስጥ ወደ 11 ሚሊሞል ካርቦክሲል አለው። እናስላው፦ በሊትር 5 ሚሊግራም ካርቦን ያለው ውሃ ወደ 55 ማይክሮሞል ካርቦክሲል ይይዛል ማለት ነው። 39 ማይክሮግራም መዳብ ደግሞ ለ63.55 ሲካፈል 0.6 ማይክሮሞል ነው። ለአንድ መዳብ 90 ያህል እጆች! እንግዲያማ መዳብ ሁሉ ይታሰራል ብለው ሊደመድሙ ይችላሉ።

አይቸኩሉ። ብቻውን የቆመ ካርቦክሲል መዳብን የሚይዘው በለሰለሰ እጅ ነው። አጥብቆ የሚይዘው ሁለት ወይም ሦስት መያዣዎች ጎን ለጎን ተገጣጥመው እንደ ጉጠት ሲጨብጡት ነው፤ እንዲህ ያለ ግጥምጥም ደግሞ ጥቂት ነው። ከዚህ ላይ ተፎካካሪዎቹን ይጨምሩ። ካልሲየምና ማግኒዚየም አያያዛቸው ደካማ ቢሆንም በብዛት ከመዳብ ሺህ እጥፍ በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ብረትና አሉሚኒየም ደግሞ ጠንካራዎቹን ጉጠቶች ቀድመው ይይዛሉ። እና ሃይድሮጂን፣ የሎሚው ሥራ። ፒኤች ሲወርድ የታሰረው መዳብ ይፈታል፣ ሲወጣ ይታሰራል።

ስለዚህ የምንፈልጋቸው ቁጥሮች ሁለት ናቸው፦ መያዣዎቹ ስንት ናቸው? ምን ያህል አጥብቀው ይይዛሉ? ሁለተኛውን «ኬ» እንለዋለን፤ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ በሎግ ይጻፋል።

ደረጃ 1፦ ዕቃ ማጠብ

ብዙ ተማሪ ሙከራው የሚበላሽበት እዚህ ነው፤ ያውም ሳያውቀው። የምንለካው ነፃ መዳብ በሊትር ከአንድ ማይክሮግራም በታች ሊሆን ይችላል። በዚህ መጠን የነሐስ ቧንቧ ጠላት ነው (ነሐስ በአብዛኛው መዳብ ነው)፣ የላብራቶሪው አቧራ ጠላት ነው፣ የብርጭቆ ቢከር ግድግዳም መዳብ እየለጠፈ ስለሚያስቀር ጠላት ነው።

የፖሊኤቲሊን ወይም የቴፍሎን ዕቃ ይጠቀሙ። በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያሳድሩት፣ ከዚያ እጅግ በተጣራ ውሃ አምስት ጊዜ ያለቅልቁት፣ በንጹሕ ላስቲክ ውስጥ ገልብጠው ያድርቁት። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አይጠቀሙ፤ የሚቀር ክሎራይድ የመዳብ ኤሌክትሮዱን ያሳስተዋል። ዱቄት የሌለበት ጓንት ያድርጉ።

ደረጃ 2፦ ናሙና መውሰድ

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ከወራጁ ወደ ላይ ፊትዎን አዙረው ይቁሙ፣ ጠርሙሱን በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቁና ይሙሉ። ፒኤችና ሙቀት እዚያው ይለኩ። ላብራቶሪ የደረሰ ናሙና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያመልጠው ፒኤቹ የወንዙ አይደለም።

በዚያኑ ቀን በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ያጣሩ። ማጣሪያው ራሱ ካርቦን ስለሚለቅ መጀመሪያ በተጣራ ውሃ ይጠቡት፣ ከናሙናውም የመጀመሪያዎቹን 50 ወይም 100 ሚሊሊትር ይድፉ። በነገራችን ላይ 0.45 የተፈጥሮ ድንበር አይደለም፤ ሰዎች የተስማሙበት መስመር ነው። ከዚያ ያነሱ የሸክላና የብረት ዝገት ደቃቆች አልፈው «የሟሟ» ተብለው ይቆጠራሉ።

አሁን የተጣራውን ለሁለት ይክፈሉ፤ ይህን አስምሩበት። አንደኛው ጠርሙስ ለጠቅላላ መዳብ ነው፤ በንጹሕ ናይትሪክ አሲድ ፒኤቹን ከ2 በታች ያውርዱት። ሁለተኛው ለታይትሬሽን፣ ማለትም መዳብ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ነፃውን ለማንበብ ነው፤ አሲድ አይንካው፣ በጨለማ በ4 ዲግሪ ያስቀምጡት። እኔ ስጀምር «ናሙና በአሲድ ይጠበቃል» የሚለውን ልማድ ይዤ የአንድ ሙሉ የመስክ ጉዞ ጠርሙሶችን በሙሉ አኮምጥጬ ነበር። ውሃው ውስጥ የነበረው ትስስር ሁሉ ገና መኪናው ላይ ፈረሰ ማለት ነው። ጠቅላላ መዳቡን ለካሁበት፤ ለሌላው ተመልሼ ሄድኩ።

ደረጃ 3፦ ካርቦኑን ማወቅ

የካርቦን መለኪያ መሣሪያ ካለ የሟሟውን ኦርጋኒክ ካርቦን ይለኩ። ከሌለ ናሙናውን ለሚለካልዎ ቤተ ሙከራ ይላኩና፣ በዚህ መሃል በ254 ናኖሜትር የአልትራቫዮሌት ብርሃን መምጠጡን በስፔክትሮፎቶሜትር ያንብቡ። ኳርትዝ ኩቬት ያስፈልጋል።

ሁለቱ ቁጥሮች ሲገናኙ ጥሩ ነገር ይነግሩናል። ንባቡ በአንድ ሴንቲሜትር 0.18 ከሆነ በሜትር 18 ነው፤ ለ5 ሚሊግራም ካርቦን ሲካፈል 3.6 ይሆናል። ይህ ቁጥር ከ4 በላይ ከሆነ ካርቦኑ በአብዛኛው የብስባሽ፣ ሂውሚክ ዓይነት ነው። ከ2 በታች ከሆነ አልጌ ወይም ፍሳሽ የሠራው ሊሆን ይችላል። ብረትና ናይትሬት በዚሁ ብርሃን ላይ ስለሚጨምሩ ብረት የበዛበት ውሃ ያታልላል።

ደረጃ 4፦ ኤሌክትሮዱን ማስተማር

የመዳብ ኤሌክትሮድ ጫፉ የመዳብና የብር ሰልፋይድ ክኒን ነው። ነፃ መዳብ በአሥር እጥፍ በተለወጠ ቁጥር ንባቡ በ25 ዲግሪ 29.6 ሚሊቮልት ይለወጣል። ይህ ቁጥር ከእጅዎ እንዳይወጣ፤ ኤሌክትሮዱ ከ28 በታች ከሰጠ ጫፉ ቆሽሿል ወይም አርጅቷል። በደቃቅ አሉሚና ዱቄት ቀስ ብለው ይወልውሉትና በጣም ቀጭን ናይትሪክ አሲድ፣ ከዚያም በተጣራ ውሃ ያጥቡት። ጫፉ ብርሃን ስለሚሰማው ቢከሩን በጥቁር ጨርቅ ወይም በአሉሚኒየም ወረቀት ይሸፍኑ። መስኮት አጠገብ የሠራ ሰው ደመና ባለፈ ቁጥር ንባቡ ሲዘል አይቶ ሊደነግጥ ይችላል።

የመዳብ ክምችት መፍትሔ ከመዳብ ናይትሬት ያዘጋጁ። ለ1 ሊትር 10 ሚሊሞላር፣ ሦስት ውሃ ያለው ጨው ከሆነ 2.416 ግራም፣ ሁለት ተኩል ውሃ ያለው ከሆነ 2.326 ግራም ይመዝኑ። የጠርሙሱን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ጨው ሁሉ አንድ አይደለም። ጨዉ እርጥበት ስለሚስብ የመፍትሔውን ትክክለኛ መጠን በአቶሚክ አብዞርብሽን ያረጋግጡ። በገበያ ያለውን በሊትር 1000 ሚሊግራም የሆነ ስታንዳርድ በቀጥታ ለታይትሬሽን አይጠቀሙ፤ በአሲድ የተዘጋጀ ስለሆነ በእያንዳንዱ ጠብታ ፒኤችዎን ይጎትተዋል።

መለኪያውን በ0.01 ሞላር ፖታሲየም ናይትሬት ውስጥ በ10⁻⁶፣ 10⁻⁵ እና 10⁻⁴ ሞላር መዳብ ይጀምሩ። ከ10⁻⁶ በታች በማቅጠን መውረድ አይሞከርም። ኤሌክትሮዱ ራሱ መዳብ ያንጠባጥባል፣ ዕቃውም ይወስዳል፣ ስለዚህ መስመሩ ይታጠፋል። የታችኛውን ክፍል ለማስተማር መዳቡን በሚታወቅ ማሰሪያ (ለምሳሌ ኤቲሊንዳያሚን) ይያዙት። ብዙ መዳብ አለ፣ ግን አብዛኛው ታስሮ ነፃው እጅግ ጥቂት ነው። ፒኤቹን ሲቀይሩ ነፃው መዳብ በሚሰላ መጠን ይለወጣል። የባንክ ገንዘብና የኪስ ገንዘብ እንደማለት ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለው ትንሽ ቢሆንም ከኋላው ክምችት ስላለ ትንሽ ብክለት አያናውጠውም። ወንዝ ውሃ ውስጥ ያለው ኦርጋኒክ ቁስም ለመዳብ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ልምምድ፦ 10⁻⁵ ሞላር ላይ 180 ሚሊቮልት ካነበቡና ናሙናው 106 ካሳየ፣ ልዩነቱ 74 ነው፤ 74 ለ29.6 ሲካፈል 2.5። ነፃው መዳብ 10⁻⁷·⁵፣ ማለትም ወደ 3.2 × 10⁻⁸ ሞላር ነው።

ደረጃ 5፦ ታይትሬሽኑ

መቶ ሚሊሊትር ናሙና በቴፍሎን ቢከር ያድርጉ፤ የጨው መጠኑ 0.01 ሞላር እንዲሆን ፖታሲየም ናይትሬት ይጨምሩ። ፒኤቹን በናይትሪክ አሲድ ለጥቂት ደቂቃ ወደ 4 አውርደው በናይትሮጂን ጋዝ ያናፍሱት፤ መዳብን የሚሻማው ካርቦኔት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 6.0 ይመልሱት። ለምን 6? ከዚያ ከፍ ሲል መዳብ ከሃይድሮክሳይድ ጋር መያያዝና መዝቀጥ ስለሚጀምር ልኬቱ ይወሳሰባል። የወንዝዎ ፒኤች 7.8 ከሆነ የ6ቱ ውጤት የወንዙ ሁኔታ አይደለም፤ ዘዴውን በ6 ከተካኑ በኋላ ከፍ ባለ ፒኤች መድገም ይኖርብዎታል።

ፒኤቹን ለማጽናት ፎስፌት ወይም ትሪስ አይጨምሩ፤ ሁለቱም መዳብን ይይዛሉ። ሜስ የተባለው ባፈር በዚህ ረገድ ገር ነው። እኔ ግን በቀጭን አሲድና ቤዝ ጠብታ ማስተካከልን እመርጣለሁ፤ አድካሚ ቢሆንም ውሃው ውስጥ አዲስ ዘመድ አይገባም።

አሁን መዳብ ይጨምሩ። ከ1 ሚሊሞላር መፍትሔ 10 ማይክሮሊትር ሲጨምሩ በመቶ ሚሊሊትር ውስጥ 0.1 ማይክሮሞላር ይሆናል። መጀመሪያ ላይ እርምጃው ትንሽ ይሁን፤ ከዚያ ወደ 10 ሚሊሞላሩ ይሻገሩና ያስፉት። ነጥቦቹ በሎግ ሲታዩ እኩል የተራራቁ ቢሆኑ ጥሩ ነው። ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ ንባቡ በደቂቃ ከ0.1 ሚሊቮልት በታች እስኪንቀሳቀስ ይጠብቁ። መጀመሪያ ላይ፣ መዳብ ጠንካራዎቹን ጉጠቶች ፈልጎ በሚያገኝበት ጊዜ፣ ይህ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። መዳብ ሲታሰር ሃይድሮጂን ስለሚለቀቅ ፒኤቹ ወደ ታች ይጎተታል፤ እያዩ ይመልሱት። ያ መጎተት ራሱ መቆራኘቱ እየተካሄደ እንደሆነ ምልክት ነው።

መቼ ያቁሙ? ነፃው መዳብ ከጠቅላላው ግማሽ ሲደርስ። የታሰረውን የምናገኘው ነፃውን ከጠቅላላው ቀንሰን ነው፤ የ1 ሚሊቮልት ስሕተት ደግሞ የነፃውን ንባብ በ8 በመቶ ያዛባል። ጠቅላላው 100፣ ነፃው 89 ማይክሮሞላር ላይ ቢደርሱ 8 በመቶው ወደ 7 ይሆናል፤ የታሰረው 11 ብቻ ስለሆነ ስሕተቱ አብዛኛውን ይውጠዋል።

ናሙናው ሲመጣ ይዞት የነበረውን መዳብ (ከአሲዱ ጠርሙስ የተለካውን) በጠቅላላው ላይ መደመር አይርሱ። ያ መዳብ የተቀመጠው ምርጦቹ መያዣዎች ላይ ነው፤ ካልተደመረ ጠንካራዎቹ መያዣዎች ከስሌቱ ይጠፋሉ።

ደረጃ 6፦ ስሌቱ፣ ከወጥመዱ ጋር

ለመለማመጃ እንዲሆን በሁለት ዓይነት መያዣ ያሰላሁት ውሃ ይኸውና። አንደኛው 1 ማይክሮሞላር ብቻ የሆነ ጠንካራ መያዣ (ሎግ ኬ 8)፣ ሌላው 10 ማይክሮሞላር የሆነ ለዘብተኛ መያዣ (ሎግ ኬ 6) ነው። ቁጥሮቹ በማይክሮሞላር ናቸው።

| ጠቅላላ | ነፃ | የታሰረ | ነፃ ÷ የታሰረ |
|---|---|---|---|
| 0.102 | 0.001 | 0.101 | 0.0099 |
| 0.609 | 0.01 | 0.599 | 0.0167 |
| 1.918 | 0.1 | 1.818 | 0.0550 |
| 6.990 | 1 | 5.990 | 0.167 |
| 20.09 | 10 | 10.09 | 0.991 |

ሁለተኛውን ረድፍ ይዩት። ጠቅላላው 0.609 ማይክሮሞላር፣ ማለትም በሊትር 38.7 ማይክሮግራም ነው፤ መግቢያው ላይ ያየነው ቁጥር። ነፃው 0.64 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ከ98 በመቶ በላይ ታስሯል።

መስመር ለመሳል አግድሙ ላይ ነፃውን፣ ሽቅቡ ላይ ነፃ ÷ የታሰረን ያስቀምጡ። መያዣው አንድ ዓይነት ቢሆን ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ይውላሉ። የመስመሩ ዘንበልታ ተገልብጦ የመያዣዎቹን ቁጥር ይሰጣል፤ ዘንበልታው መስመሩ ሽቅቡን በሚቆርጥበት ቁጥር ሲካፈል ደግሞ ኬን ይሰጣል (ቁጥሮቹ በማይክሮሞላር ስለሆኑ ሎግ ከመውሰድዎ በፊት በሚሊዮን ያባዙት)።

አሁን ሁለት ተማሪዎች ይህንኑ አንድ ጠርሙስ ተካፍለው ሠሩ እንበል። የመጀመሪያዋ ዝቅተኛ መዳብ ላይ ብቻ ሠራች፤ ሁለቱን የላይኛ ረድፎች ይዛ ዘንበልታ 0.754፣ መቁረጫ 0.00916 አገኘች። ውጤቷ፦ መያዣ 1.3 ማይክሮሞላር፣ ሎግ ኬ 7.9። ሁለተኛው ኤሌክትሮዱ ዝቅ ብሎ አላነብ ስላለው በመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ሠራ፤ ዘንበልታ 0.0916፣ መቁረጫ 0.0753። ውጤቱ፦ መያዣ 10.9 ማይክሮሞላር፣ ሎግ ኬ 6.1።

አንድ ውሃ፣ አንድ ፒኤች፣ ግን ከ60 እጥፍ በላይ የሚራራቅ ኬ። ማንም አልተሳሳተም። እያንዳንዳቸው በመስኮታቸው የሚታየውን ነው ያዩት። ከላይ እንዳልኩት ይህ ቁስ የብዙ ሺህ ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው፤ መዳብ መጀመሪያ ምርጡን ቦታ ይይዛል፣ ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ይወርዳል። ስለዚህ «የዚህ ወንዝ ኬ ይህን ያህል ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ትርጉም የለውም። ኬ ሲጻፍ ፒኤቹ፣ የጨው መጠኑ፣ ካርቦኑ፣ እና የነፃው መዳብ መስኮት (ከየት እስከ የት) አብረው ይጻፉ። ጽሑፍ ስገመግም መጀመሪያ የምፈልገው ይህን መስመር ነው፤ ከሌለ ሠንጠረዡን አላነበውም። ለወንዙ የሚያስፈልገን ደግሞ ወንዙ ራሱ ያለበት መስኮት ነው፤ ብዙ ጊዜ የላይኛዎቹ ረድፎች፣ ማለትም የመጀመሪያዋ ተማሪ የሠራችበት ከባዱ ክፍል።

አምስቱን ነጥቦች በአንድ ላይ ሲስሉ መስመሩ ይጎብጣል። ጉብጠቱን በግድ አያቅኑት፤ በሁለት መያዣ ሞዴል በኮምፒውተር ይግጠሙት። በኤክሴል ሶልቨር ይሠራል። ሦስተኛ መያዣ ለመጨመር ከመፈተንዎ በፊት ግን ነጥቦችዎን ይቁጠሩ፤ በስምንት ነጥብ ስድስት ያልታወቁ ቁጥሮችን መፈለግ ግምት ነው።

ደረጃ 7፦ ራስን መፈተን

የራስዎን ወንዝ ከማመንዎ በፊት የሚታወቅ ነገር ይለኩ። የሱዋኒ ፉልቪክ አሲድ ከዓለም አቀፉ የሂውሚክ ቁሶች ማኅበር ይገዛል። አሥር ሚሊግራም በ1 ሊትር ሲሟሟ 5.2 ሚሊግራም ካርቦን ይሆናል፤ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ካርቦን ነውና። ውድ ስለሆነ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይመዝኑ።

ከዚያ ቪዥዋል ሚንቴክ የተባለውን ፕሮግራም ይክፈቱ። ነፃ ነው፤ የሠራው ስዊድናዊው ዮን ፔተር ጉስታፍሰን ነው። ውስጡ ኦርጋኒክ ቁስ ብረታ ብረትን እንዴት እንደሚይዝ የሚያሰሉ ስቶክሆልም ሂውሚክ ሞዴልና ኒካ-ዶናን የተባሉ ሞዴሎች አሉት። ፒኤች፣ ጨው፣ መዳብና ካርቦን ያስገቡና የነፃውን መዳብ ትንበያ ከእርስዎ ንባብ ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ በሎግ ከግማሽ በላይ ከሆነ እኔ ከሞዴሉ በፊት ኤሌክትሮዴን እጠረጥራለሁ።

ለወንዝ ውሃ ሲሆን ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ክሎራይድና አልካሊነትም መግባት አለባቸው። ኦርጋኒክ ቁሱ ሁሉ ብረታ ብረት አይዝም፤ ብዙዎች 65 በመቶው እንደ ፉልቪክ አሲድ ይሠራል ብለው ይነሣሉ። ኦርጋኒክ ቁስ የካርቦኑ እጥፍ ያህል ስለሚመዝን፣ 5 ሚሊግራም ካርቦን ወደ 6.5 ሚሊግራም ፉልቪክ አሲድ ይሆናል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ለመዳብ ያወጣው ጨዋማ ላልሆነ ውሃ (ለወንዝና ለሐይቅ) የሚሆን መስፈርት የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦንን ከፒኤችና ከካልሲየም ጋር እንዲገባ የሚጠይቀው በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

ሞዴሉ የሚከዳበት ቦታ አለ፤ ከተማ ውስጥ ያለፈ ወንዝ። አዲስ አበባን አቋርጦ የሚወርደውን አቃቂን ያስቡ፤ የቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ፍሳሽ ይገቡበታል፣ ከከተማው በታች ደግሞ አትክልት ይመረትበታል። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ መዳብን የሚይዘው የቅጠል ብስባሽ ብቻ አይደለም። ከሳሙናና ከፋብሪካ ኬሚካል የሚመጣ እንደ ኢዲቲኤ ያለ ማሰሪያ ከየትኛውም ፉልቪክ አሲድ አጥብቆ ይይዛል፤ ካርቦኑን ብቻ ያየ ሞዴል ግን አያውቀውም። የ254 ናኖሜትሩ ቁጥር ዝቅ ብሎ ኤሌክትሮዱ ግን ከሞዴሉ በጣም ያነሰ ነፃ መዳብ ካሳየ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። እንዲህ ባለ ወንዝ ላይ ታይትሬሽኑን መተው አይቻልም፤ ወቅት እየጠበቁ መድገም ነው። በክረምቱ ጎርፍ የሚመጣው ካርቦን ከአፈር የታጠበ ነው፤ በበጋ የሚቀረው ደግሞ በአብዛኛው ፍሳሽ ነው።

እርሳስ፣ ካድሚየም ወይም ዚንክ ለመሥራት ከፈለጉ ሐሳቡ ያው ነው፤ መሣሪያው ግን ይለያያል። ዚንክ ጥሩ ኤሌክትሮድ ስለሌለው በቮልታሜትሪ (ቮልቴጅ እየለወጡ የኤሌክትሪክ ጅረቱን በመለካት) ይሠራል። በጥንካሬ መዳብና እርሳስ ከፊት፣ ኒኬል፣ ዚንክና ካድሚየም ከኋላ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ከሁሉ በታች ናቸው።

ደረጃ 8፦ ሲጨርሱ

የታይትሬሽኑን ትርፍ ውሃ ወደ ማጠቢያ አይድፉ፤ ለብረታ ብረት ፍሳሽ በተለየና ምልክት ባለበት ጀሪካን ያጠራቅሙት። ኤሌክትሮዱን አጥበው፣ አድርቀው፣ ቆቡን ይድፉበት። የዛሬውን የመለኪያ መስመር ዘንበልታ ከቀኑ ጋር ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት 27.5 ካነበቡ ውሃው ተለውጦ ይሁን ጫፉ አርጅቶ የሚለዩት በዚያ ማስታወሻ ነው።